«ለጥንቃቄ ነው»፦ ሳያጠፉ መታጎር በጦርነት ጊዜ

ጎረቤታችን ልጇን ፍለጋ ስትወጣ የያዘችው አንድ ሳህን ምግብና አንድ ጋቢ ነበር። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት ሰሞን ነው። ልጇ ከሥራ ሲመለስ እዚሁ ጅማ፣ አዌቱ ድልድይ አካባቢ በአፈሳ ተወሰደ። መታወቂያውን አይተው ከሌሎች ጋር መኪና ላይ ጫኑት አሉ፣ ያዩ ሰዎች። እናትየው ሁለት ቀን ሙሉ ከበር በር ስትዞር ዋለች። የምትጠይቀው ሁሉ «እዚህ የለም» ይላታል። በሦስተኛው ቀን አንዱ ዘብ አንጀቱ አልችል ብሎት መሰለኝ፣ ቆሞ አናገራት።

«ልጄ ምን አጥፍቶ ነው?» አለችው።

«ጥፋት እንኳ የለበትም እናቴ። ለጥንቃቄ ነው።»

ማታ ቡና ላይ መጥታ ይህንኑ ነገረችን። ስኒውን ይዛ አልጠጣችም። «አንተ ታነባለህ አይደል? እስቲ ንገረኝ። ጥፋት ከሌለበት ለምን ይይዙታል? ወንጀለኛ ነው? ምርኮኛ ነው? ምን ብዬ ነው ሄጄ የምጠይቀው?»

ያን ማታ የረባ መልስ አልሰጠኋትም። «አይዞሽ፣ ይፈታል» ብቻ አልኳት። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አነበብኩ፣ ሕግ የሚያውቁ ሰዎችንም ጠየቅኩ። ያን ማታ ልነግራት ይገባኝ የነበረውን ነው አሁን የምጽፈው።

መጀመሪያ ማን ምን እንደሆነ እንለይ። በጦርነት ጊዜ ሰው አጥር ውስጥ የሚገባበት መንገድ ብዙ ነው። ከውጭ ሲያዩት ሁሉም አንድ ይመስላል፤ ሽቦ፣ ዘብ፣ ለምግብ የተሰለፈ ሰው። ሕጉ ግን ለየብቻ ነው የሚያያቸው። በወንጀል ተጠርጥሮ የተያዘ ሰው አለ። እሱ ክስ ይጠብቀዋል፣ ዳኛ ፊት ይቀርባል፣ ነጻ ይወጣል ወይም ይፈረድበታል። የጦር ምርኮኛ አለ። እሱ ሲዋጋ የተማረከ ወታደር ነው። በመዋጋቱ ብቻ አይቀጣም፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ አገሩ ይመለሳል። ተፈናቃይ ደግሞ ሸሽቶ የመጣ ሰው ነው። መጠለያ ጣቢያ ውስጥ ቢኖርም በሩ ክፍት ሊሆንለት ይገባል።

የጎረቤታችን ልጅ ከእነዚህ አንዱም አይደለም። አልተዋጋም፣ አልተከሰሰም፣ አልሸሸም። የተያዘው «አንድ ነገር ያደርግ ይሆናል» ተብሎ ነው። እንዲህ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚለየው በሥራው አይደለም። በስሙ፣ በቋንቋው፣ በትውልድ ቦታው ወይም በያዘው ወረቀት ነው።

አማርኛ ለዚህ ቃል አያጣም። ድሮ ከቤተ መንግሥት የተጣላ መኳንንት ወደ ሩቅ አገር ወይም ወደ አምባ ይላክ ነበር። ይበላል፣ ይጠጣል፣ አገልጋይም ይኖረዋል፤ መውጣት ግን አይችልም። ግዞት ይባላል። የሃያኛው ክፍለ ዘመን ጦርነት ይህን ከመኳንንት አውርዶ በተራው ሰው ላይ አደረገው፤ በሺዎች፣ ከነሚስቱ ከነልጁ። ይህን ነው «ማጎሪያ» የምንለው። ማጎር ለዶሮም ለከብትም የምንጠቀምበት ግስ ነው። ቃሉ ራሱ ምን እንደሚመስል ይናገራል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ በሉ። የተፈረደበት እስረኛ ቀን ይቆጥራል። አምስት ዓመት ከሆነ አምስት ዓመት ነው። ግዞተኛ ግን የሚቆጥረው የለውም። ክስ ስለሌለ ፍርድ የለም፤ ፍርድ ስለሌለ ማብቂያ የለም። የሚፈታው የያዘው አካል ፍርሃቱ ሲለቀው ነው። ከሽቦው ይልቅ ሰውን የሚጨርሰው ይህ ነው እላለሁ።

ይህን ለማስረዳት ከጅማ ርቄ መሄድ አያስፈልገኝም። ፈረንጅ አራዳ የሚባለውን የከተማችንን ሰፈር ሁላችንም እናውቀዋለን። ስሙ ዝም ብሎ አልወጣም። ጣሊያን አገራችንን ሲወር ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት ዋና ከተማ አደረጋት። ቢሮ ሠራ፣ መንገድ ዘረጋ፣ የራሱን ሰዎች አሰፈረ። ነጋዴው፣ መካኒኩ፣ ነርሷ፣ የሹሙ ሚስት፣ እዚሁ የተወለደው ሕፃን፣ ሁሉም ነበሩበት። በዚያው ዘመን የእኛ ሰዎች ደግሞ በባሕር ዳርቻ ወዳሉ ማጎሪያዎች ይጓዙ ነበር።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም አዲስ አበባ ላይ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጭፍጨፋ እያንዳንዱ ተማሪ ያውቀዋል። ብዙ የማይነገረው ከጭፍጨፋው ቀጥሎ የመጣው እስር ነው። ቦምቡን የወረወሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። የታሰረው ግን መኳንንቱ፣ የተማረው ወጣት፣ ቄሱ፣ ሴቱ፣ ሕፃኑ ነው። አዝማሪና ጠንቋይ ሳይቀር ወሬ ያዛምታሉ ተብለው ተለቅመው ተያዙ፤ ብዙዎቹም ተገደሉ።

ከታሰሩት በሺዎች የሚቆጠሩት ወደ ዳናኔ ተወሰዱ። ዳናኔ ከሞቃዲሾ በስተደቡብ፣ ሕንድ ውቅያኖስ ዳር ነው። ከደጋ የሄደ ሰው እዚያ ሲደርስ የሚጠብቀው ሙቀት፣ ወባ፣ ጨው ያለው ውሃና የተበላሸ ምግብ ነው። እዚያ ታስረው ከነበሩት አንዱ ከጦርነቱ በኋላ ቃላቸውን ሰጥተዋል። በእሳቸው ቆጠራ ወደ ዳናኔ ከገቡት 6,500 ሰዎች 3,175ቱ ሞተዋል። ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። ሌሎቹ ናኩራ ገቡ፤ በቀይ ባሕር ዳህላክ ደሴቶች ላይ ያለ፣ በሙቀቱ ስሙ የሚፈራ እስር ቤት። መኳንንቱና ቤተሰቦቻቸው ደግሞ ባሕር ተሻግረው ወደ ጣሊያን ተላኩ። ራስ እምሩ ፖንዛ ደሴት ላይ ዓመታት ተቀመጡ። (ሙሶሊኒ ራሱ በ1935 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርድ መጀመሪያ ከታሰረባቸው ቦታዎች አንዷ ያችው ፖንዛ ነበረች።) የጃንሆይ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅ ባላቸው ደጃዝማች በየነ መርድ ከተገደሉ በኋላ ከልጆቻቸው ጋር ወደ አዚናራ ደሴት ተወሰዱ። በመጨረሻም ቱሪን ከተማ ውስጥ አረፉ። ልጆቹ ምን ጥፋት አጠፉ? የማን ልጅ መሆናቸው ብቻ በቂ ነበር።

ከዚያ ዘመኑ ተገለበጠ። ሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ጅማ ከጣሊያን እጅ ወጣች። ትናንት ጌታ የነበረው የፈረንጅ አራዳ ነዋሪ በአንድ ሌሊት «የጠላት ዜጋ» ሆነ። ወታደሩ ምርኮኛ ነው፤ የእሱ ነገር ግልጽ ነው። ሚስቱስ? ልጁስ? ጋራዥ የነበረው ሽማግሌስ? እንግሊዞች ባጠቃላይ በኢትዮጵያ የነበሩትን ጣሊያናውያን ሲቪሎች መሰብሰብ ጀመሩ። ለሥራ የደረሱት ወንዶች በብዛት ወደ ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ታንጋኒካና ደቡብ ሮዴዢያ ካምፖች ተላኩ። ሴቶች፣ ሕፃናትና አዛውንት ደግሞ በርበራ ወደብ ላይ መርከብ ተሳፈሩ። ነጭ ቀለም የተቀቡ፣ ቀይ መስቀል የተሳለባቸው አራት ትልልቅ መርከቦች ነበሩ። እንግሊዝና ጣሊያን እየተዋጉ ሳለ ተስማምተው ነው የላኳቸው። መርከቦቹ በሦስት ጉዞ አፍሪካን በደቡብ ጫፍ ዞረው 28,000 ገደማ ሰው ወደ ጣሊያን አደረሱ።

ጃንሆይ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡ በጣሊያኖች ላይ እንዳይበቀል አደራ ብለው ነበር። ሕዝቡም በአመዛኙ አደራውን ጠበቀ። ይህን ስጽፍ ኩራት ይሰማኛል። አባቱ ዳናኔ የቀረበት ሰው ጎረቤቱን ጣሊያናዊት ሳይነካ ማለፉ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለቱን እኩል እያደረግኩ አይደለም። ዳናኔ የበቀል ማጎሪያ ነበር፤ ነጩ መርከብ ሰው ማዳኛ። ግን ሁለቱም የተነሡት ከአንድ ሐሳብ ነው፤ ሰውን በወገኑ ምክንያት መያዝ። ልዩነቱን ያመጣው ምንድን ነው ብዬ ብዙ አሰብኩ። አንደኛው ዘንድ ስም ዝርዝር አለ። ማን መርከብ እንደወጣ፣ የት እንደሚወርድ ተጽፏል፤ ጠላት አገር እንኳ ያውቀዋል። ሌላው ዘንድ ሰው ገባ፣ ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ። ብዙ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ የዳናኔ ሟቹን መቃብር እስከዛሬ አያውቀውም።

ግራዚያኒ ይህን ሥራ ኢትዮጵያ ላይ አልጀመረውም። እ.ኤ.አ. በ1930 ሊቢያ ውስጥ፣ ሲሬናይካ በሚባለው ክፍል፣ 100,000 ያህል ሰው ከነከብቱ ከቀዬው አንሥቶ በረሃ ላይ በሽቦ አጥሮታል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት አለቁ። አርበኛው ዑመር አል ሙኽታር እ.ኤ.አ. መስከረም 16 ቀን 1931 የተሰቀለው ሱሉቅ ማጎሪያ ውስጥ፣ የታጎረው ሕዝብ በግድ እንዲያይ ተደርጎ ነው። ስለዚህ ዳናኔ በንዴት የመጣ ነገር ነው የሚለኝን ሰው አልሰማውም። የተጠና አሠራር ነበር።

አሠራሩ ምንድን ነው? ጫካ ያለው ተዋጊ ብቻውን አይኖርም። እህል የሚሰጠው ገበሬ ነው፤ ወሬ የሚያቀብለው እረኛ ነው። ተዋጊውን መያዝ ያቃተው ጦር ገበሬውን ከመሬቱ ይነቅላል። ስፔን ኩባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1896 ያደረገችው ይህንን ነው። እንግሊዝ ደቡብ አፍሪካ ላይ ቦር ከሚባሉት ነጭ ሰፋሪ ገበሬዎች ጋር ስትዋጋ ደገመችው፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ደግሞ ኬንያ ላይ በኪኩዩ ሕዝብ ላይ። የኬንያዎቹ አዛውንት ለንደን ድረስ ከሰው እ.ኤ.አ. በ2013 የእንግሊዝ መንግሥት ከ5,000 ለሚበልጡት ካሳ ለመክፈል ተስማምቷል። ከድርጊቱ ስልሳ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

የደቡብ አፍሪካውን ትንሽ ላብራራ፤ ምክንያቱም ሰው ማጎሪያ ውስጥ እንዴት እንደሚሞት የሚያሳይ ነው። ብዙዎቻችን ማጎሪያ ሲባል ጥይት ይታየናል። እዚያ ግን የሞተው አብዛኛው ሰው አልተተኮሰበትም። ወደ 28,000 የሚሆኑ ቦሮች ሞተዋል፤ አብዛኞቹ ከ16 ዓመት በታች ልጆች ናቸው። ለብቻቸው በታጎሩበት ካምፕ ደግሞ ቢያንስ 14,000 ጥቁር አፍሪካውያን አልቀዋል። ለእነሱ የተቆረቆረ ሰው ጥቂት ስለነበር ቁጥሩ ራሱ በደንብ አልተመዘገበም። የገደላቸው ኩፍኝ፣ ተቅማጥና ታይፎይድ ነው።

እንዴት ብትሉ፣ እስቲ ሐምሌ ላይ ጅማን አስቡ። አንድ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ 5,000 ሰው በአንድ ቀን አምጥታችሁ አስገቡ። ሽንት ቤቱ ለ600 ተማሪ የተቆፈረ ነው። ዝናቡ ሲወርድ ይሞላል፣ ሞልቶ ወደ ጉድጓዱ ውሃ ይወርዳል። ማገዶ እርጥብ ነው፣ ውሃ አይፈላም። አንድ ሕፃን ኩፍኝ ይዞት ይመጣል። አጠገቡ የሚተኛው ሌላ ሕፃን ከተራበ ሰንብቷል፤ አቅም የለውም። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚሆነውን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ማንም «ግደሉ» ብሎ አላዘዘም። ግን ሰው ሲሰበስብ ስለ ሽንት ቤት ያላሰበ አዛዥ ገድሏል።

ኤሚሊ ሆብሃውስ የተባለች እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ1901 መጀመሪያ ብሉምፎንቴን ካምፕ ገብታ አየች። የጠየቀችው ነገር ተራ ነው፤ ሳሙና። ለታጎሩት ሳሙና አይሰጥም ነበር፤ እንደ ቅንጦት ተቆጥሮ። አገሯ ተመልሳ ያየችውን ጻፈች። የራሷ ወገኖች ከሃዲ አሏት። በኋላ ግን አጣሪ ቡድን ተላከ፣ ውሃና ሕክምና ተሻሻለ፣ የሞቱም ቁጥር በወራት ውስጥ እጅግ ቀነሰ። ያ ሁሉ ሕፃን ሳይሞት ሊቀር ይችል ነበር ማለት ነው። ይህን ሳነብ ያመመኝ ቦታ እሱ ነው።

ሌላው የማጎር ምክንያት ስለላን መፍራት ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ግጥጥሞሽ አለ። ቦምቡ ከተወረወረበት ቀን ልክ አምስት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 12 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት አንድ ትእዛዝ ፈረሙ። በትእዛዙ መሠረት በምዕራብ ጠረፍ የሚኖሩ 120,000 ያህል የጃፓን ዘር ያላቸው ሰዎች ከቤታቸው ተነሥተው ካምፕ ገቡ። ከሦስቱ ሁለቱ አሜሪካ የተወለዱ ዜጎች ናቸው። ሱቃቸውን፣ እርሻቸውን፣ መኪናቸውን በቀናት ውስጥ በወረደ ዋጋ ሸጡ። በጦርነቱ ሁሉ ከእነዚህ መካከል በስለላ የተፈረደበት አንድም ሰው የለም። መንግሥት ይቅርታ ጠይቆ በሕይወት ለተገኙት ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር እንዲከፈል የወሰነው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ያኔ ብዙዎቹ ሞተዋል።

የእንግሊዙ ደግሞ ይበልጥ ያሳዝናል። ከሂትለር አምልጠው እንግሊዝ የገቡ አይሁዶች እ.ኤ.አ. በ1940 «ጀርመናዊ ናችሁ» ተብለው ተያዙ። ፓስፖርታቸው የጀርመን ነዋ! ፍርሃት ወረቀት እንጂ ሰው አያነብም። በዚያው ዓመት ሐምሌ ውስጥ ግዞተኞችን ወደ ካናዳ የምትወስድ አራንዶራ ስታር የተባለች መርከብ በጀርመን ሰርጓጅ ተመታ ሰጠመች፤ ከ800 በላይ ሰው አለቀ። ብዙዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ካፌና አይስክሬም ቤት ሲሠሩ ዓመታት የኖሩ ጣሊያኖች ነበሩ።

እኛም ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ስንዋጋ ይህንኑ አይተናል። በሁለቱም በኩል ሰው በትውልዱ ተቆጥሮ ተያዘ፣ ተባረረ። ሄግ ላይ የተቀመጠው የካሳ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 በሰጠው ውሳኔ ሁለቱንም መንግሥታት በሲቪሎች አያያዝ ተጠያቂ አድርጓል። በየከተማው ቡና የተጣጡ ጎረቤቶች ሳይሰነባበቱ ተለያዩ።

አሁን ወደ ሕጉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የነበሩት የጄኔቫ ስምምነቶች የሚጠብቁት ቁስለኛውንና ምርኮኛውን ወታደር ነበር። ሲቪሉ ባዶ ሜዳ ላይ ነው። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ1949 አራተኛው የጄኔቫ ስምምነት የተጻፈው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1969 አጽድቃዋለች።

ስምምነቱ ሲቪል ማጎርን ጨርሶ አይከለክልም። ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። አንድ መንግሥት በጦርነት ጊዜ የጠላት አገር ሲቪሎችን ሊይዝ ይችላል። ግን ለጸጥታው የግድ ሲሆን ብቻ፣ የመጨረሻው አማራጭ ሆኖ ነው። «የእነሱ ወገን ነህ» ብቻውን አይበቃም፤ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው መታየት አለበት። የተያዘው ሰው ጉዳዩ በፍርድ ቤት ወይም በቦርድ እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል። ከዚያም ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ እንደገና ይታያል። ምክንያቱ ሲያልቅ መፈታት አለበት። በአንዱ ጥፋት ሌላውን መቅጣት ክልክል ነው። መያዣ ማድረግም ክልክል ነው፤ «ወንድምህ እስኪመጣ አንተ ትቆያለህ» የሚባለው ማለቴ ነው።

ውስጥ ከገባ በኋላ ስላለው ኑሮ ሕጉ ደቂቅ ነገር ሳይቀር ይዘረዝራል። ግዞተኛ ከወንጀለኛ ጋር አይታሰርም፤ ጥፋተኛ አይደለምና። ባልና ሚስት፣ ወላጅና ልጅ በአንድ ላይ ይቆያሉ። ሐኪም ያለው ክሊኒክ ይኖራል። በግድ ሥራ የለም። የራሳቸውን ተወካይ ይመርጣሉ። በወር ቢያንስ ሁለት ደብዳቤና አራት ካርድ ይልካሉ።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን የምግቡ ነገር ነው። እኛ አገር ሰው ሲታሰር ስንቅ የሚያቀብለው ቤተሰቡ ነው። እናት ሥራዋን ትታ ሳህን ይዛ በር ላይ ትቆማለች። ለምደነው ነው እንጂ ሕጉ የሚለው ተቃራኒውን ነው። የያዘው አካል በነጻ ያበላል፣ በነጻ ያሳክማል። አልፎ ተርፎም የተያዘው ሰው የሚያስተዳድረው ቤተሰብ መተዳደሪያ ካጣ የያዘው አካል ይረዳዋል። ይህን ለጎረቤታችን ስነግራት ዝም ብላ አየችኝ።

ሌላው ካርዱ ነው። አንድ ሰው ካምፕ ከገባ ከአንድ ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ለቤተሰቡ «እዚህ ነኝ፣ ደህና ነኝ» የሚል ካርድ መላክ እንዲችል ይደረጋል። የካርዱ ግልባጭ ለዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ማእከላዊ መዝገብ ይሄዳል። የዚህን ካርድ ክብደት የሚያውቀው ሦስት ቀን ከበር በር የዞረ ሰው ነው። ስሙ የተጻፈን ሰው ማጥፋት ከባድ ነው። የሚጠይቅለት አለ፣ የሚቆጥረው አለ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ትልቅ ክፍተት አለ፤ መደበቅ አልፈልግም። የነገርኳችሁ ዝርዝር ሕግ በዋናነት አገርና አገር ሲዋጉ የሚሠራ ነው። የእርስ በርስ ጦርነት ሲሆን ዓለም አቀፉ ሕግ ይሳሳል። አራቱም የጄኔቫ ስምምነቶች የሚጋሩት ሦስተኛ አንቀጽ አለ፤ ግድያን፣ ማሰቃየትን፣ ማዋረድንና ሰውን መያዣ ማድረግን ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው ሁለተኛው ፕሮቶኮል ደግሞ ምግብ፣ ውሃ፣ ሕክምናና ደብዳቤ ይጨምራል። ኢትዮጵያ ይህንንም ተቀብላለች። ማን ይያዝ፣ ስንት ጊዜ ይቆይ የሚለውን ግን በአብዛኛው ለአገሩ ሕግ ይተወዋል።

የአገሩ ሕግ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። አንቀጽ 93 ደግሞ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ይህ መብት ሊታገድ እንደሚችል ይፈቅዳል። ያልታገደው ምንድን ነው? ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 አይነካም። ስለዚህ አዋጅ አለ ብሎ መደብደብ አይቻልም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ደግሞ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ ያቋቁማል። የቦርዱ የመጀመሪያ ሥራ ተብሎ የተጻፈውን ሳነብ ቆም አልኩ። በአዋጁ ምክንያት የታሰሩትን ሰዎች ስም በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ማድረግ፣ የታሰሩበትንም ምክንያት መግለጽ ይላል። ስም እና ምክንያት። ጄኔቫ ላይም፣ እኛም ጋ፣ ሕግ አውጪው የያዘው ያንኑ ክር ነው።

እንግዲህ ጎረቤታችን «ምን ብዬ ልጠይቅ?» ላለችው መልሱ ይህ ነው። «ምን አጥፍቶ ነው?» ሳይሆን፦ የያዘው ማነው? ያለው የት ነው? ስሙ የቱ መዝገብ ላይ ነው? ምክንያቱ ምን ተብሎ ተጻፈ? ጉዳዩን የሚያየው ማን ነው፣ መቼ? መልስ ባይሰጡሽም ጠይቂ። የጠየቅሽበትን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ጻፊ። ወሬው ጭራሽ ከጠፋ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አለ። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1927 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ ነው። ከዓለም አቀፉ ኮሚቴ ጋር ሆኖ በጦርነት የተለያዩ ቤተሰቦችን ያፈላልጋል፣ የቤተሰብ መልእክት ያደርሳል። መልእክቱ ክፍት ወረቀት ነው፤ የቤተሰብ ወሬ ብቻ ይጻፍበታል። ለሁሉም ነጻ ነው።

ልጁ በ19ኛው ቀን ተፈታ። ከስቷል፣ ይስላል፣ ደህና ነው። ክስ አልተመሠረተበትም፤ ሲለቁትም «ይቅርታ» ያለው ሰው የለም። ሰኞ ሥራ ሲገባ አለቃው የቀረባቸውን ቀናት የሚያስረዳ ደብዳቤ አምጣ አለው። ልጁ ከእናቱ ጋር ይዘውት ወደቆዩት ሰዎች ተመልሶ ደብዳቤ ጠየቀ። መዝገብ አገላበጡ። «በዚህ ስም እኛ ጋ የታሰረ ሰው የለም» አሏቸው።

እናትየው ከቦርሳዋ አንድ ደብተር አወጣች። የታናሽ ልጇ የሒሳብ ደብተር ነው፤ ከኋላው ጀምራ ጽፋበታለች። የዞረችባቸው በሮች ሁሉ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ምን እንደተባለች፣ በየትኛው ቀን ምን ምግብ እንዳቀበለች ተጽፏል። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«እኔ ጋ አለ» አለች።